ሸርጡ ያልተሟላ ሥራ



ባለፈው ረመዳን ጀመዓችን ለተቸገሩ ተማሪዎች የሚሰጠውን ድጋፍ የስም ዝርዝር ያወጣው ፕሮግራም የእኔ ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ዝርዝሩ በእጅ ነበር የሚሠራው። አንዱ ደብተር ላይ ይጽፋል፣ ሌላው ኤክሴል ላይ ያስገባል፤ ሁለቱ ሳይመሳከሩ ይቀሩና አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይጠራል። አሚራችን "አንተ የኮምፒውተር ልጅ ነህ፣ ከዚህ ጣጣ ገላግለን" አለኝ። ከኢሻ በኋላ ላብ እየገባሁ በሁለት ሌሊት ጻፍኩት።

በሁለተኛው ሌሊት ፕሮግራሙ መሃል ላይ ይቆምብኝ ጀመር። ምክንያቱን ፈልጌ አገኘሁት፦ ስልክ ቁጥሩን ያልሞላ ተማሪ ላይ ሲደርስ ነው የሚቆመው። ይህን ስህተት ኮድ የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል፤ "ነል" ይባላል። አንድ ነገር አለ ተብሎ በሚጠበቅበት ቦታ ምንም ነገር አለመኖሩ ነው። ሱብሒ ሊደርስ ጥቂት ሰዓት ቀርቶታል፤ ጠዋት ደግሞ ፈተና ነበረብኝ። አንድ መስመር ጨመርኩ፦ እንዲህ ያለ ተማሪ ካጋጠመህ ዝለለውና ወደሚቀጥለው እለፍ። ፕሮግራሙ እስከ መጨረሻው ሄደ፣ ዝርዝሩ ታተመ፣ ሰውም "ማሻአላህ" አለኝ።

የተዘለሉት 9 ተማሪዎች ነበሩ። ስልክ ቁጥር ያልሞሉት ስልክ ስለሌላቸው ነው። ከማንም በፊት ሊደርሳቸው የሚገባው እነሱ ነበሩ።

ይህን ያወቅሁት በረመዳን አጋማሽ ነው። አንድ የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ኢፍጣር ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ድጋፉ ሲነሳ፣ "እኔ እንኳ አልተመረጥኩም፤ ከእኔ የባሰ ስላለ ይሆናል፣ አልሐምዱሊላህ" አለ። ቴምሩ አፌ ውስጥ ደረቀ። ያን ሌሊት ኮዱን ከፍቼ ቆጠርኳቸው። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነገር ከስህተቱ የባሰ ነው፦ ዝም አልኩ። ለ10 ቀናት ያህል ዝም አልኩ። ገንዘቡ ተከፋፍሏል፣ ማንም አልጠየቀም፣ ስሜ ጥሩ ነው፤ "ለሚቀጥለው ዓመት አስተካክለዋለሁ" እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

በዚያው ሰሞን በፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ኮርስ እያንዳንዳችን የአንድ ተመራማሪን ሕይወትና ሥራ አጥንተን እንድናቀርብ ታዘዝን። በዕጣ ለእኔ የደረሱኝ እንግሊዛዊው ፕሮፌሰር ቶኒ ሆር ናቸው። ስለ እሳቸው የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ኩዊክሶርት" የተባለውን የመደርደሪያ ዘዴ እንደፈለሰፉ። ያነበብኩት ግን ከጠበቅሁት ሌላ ሆነ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ሆር እ.ኤ.አ. በ1934 በዛሬዋ ስሪላንካ፣ ኮሎምቦ ከተማ ተወለዱ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ኦክስፎርድ ገብተው የተማሩት ሒሳብ ወይም ምህንድስና አልነበረም፤ ጥንታዊ ግሪክኛ፣ ላቲንና ፍልስፍና ነበር። በ1956 ከተመረቁ በኋላ ብሔራዊ አገልግሎታቸውን በባሕር ኃይል ሲወጡ ሩስኛ ተማሩ። እዚህ ላይ ሳነብ ቆም አልኩ። ፍሬሽማን እያለሁ የመጀመሪያው የፕሮግራሚንግ ፈተና ሲበላሽብኝ፣ "ሌሎቹ ኮምፒውተር ሲነካኩ ባደጉበት ዕድሜ እኔ መድረሳ ነሕው ስሸመድድ ነበር" ብዬ በሆዴ አዝኜ ነበር። ግማሽ ቀን መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ግማሽ ቀን መድረሳ የተመላለሳችሁ ሁሉ ይህን ስሜት ታውቁታላችሁ። እኚህ ሰው ግን ወደ ኮምፒውተር የገቡት በሰዋስውና በፍልስፍና በር ነው።

ሩስኛው ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ አደረሳቸው። በዚያ የሰውን ቋንቋ በማሽን የመተርጎም ጥናት ገጠማቸው። መዝገበ ቃላቱ የተቀመጠው በማግኔት ቴፕ ላይ፣ በፊደል ተራ ነበር። ቴፕ ደግሞ ወደፊትና ወደኋላ ሲመላለስ ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ የዓረፍተ ነገሩ ቃላት አስቀድመው በፊደል ተራ ቢደረደሩ በአንድ ዙር ሁሉንም መፈለግ ይቻላል። ኩዊክሶርት የመጣው ከዚህ ፍለጋ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። የተደባለቀ የፈተና ወረቀት በመታወቂያ ቁጥር ደርድር ብትባል፣ አንዱን ወረቀት አንሳ፤ ከሱ የሚያንሱትን ወደ ግራ፣ የሚበልጡትን ወደ ቀኝ አድርግ፤ ከዚያ በግራውም በቀኙም ክምር ላይ ይህንኑ ድገም። ክምሮቹ እያነሱ ሄደው ሁሉም ቦታቸውን ይይዛሉ።

በ1960 ኤሊየት ብራዘርስ የተባለ የእንግሊዝ የኮምፒውተር ድርጅት ቀጠራቸው። አለቃቸው አንድ የታወቀ የመደርደሪያ ዘዴ በኮድ እንዲጽፉ ሰጣቸው። ጽፈው ሲጨርሱ "እኔ ከዚህ የሚፈጥን አውቃለሁ" አሉ። አለቃቸው "አታውቅም" ብሎ በስድስት ፔንስ ተወራረደ፤ ተረታም። ይሁን እንጂ ሆር ዘዴያቸውን በግልጽ መጻፍ የቻሉት አልጎል 60 የተባለውን አዲስ ቋንቋ ካወቁ በኋላ ነው፤ በዚያ ቋንቋ አንድ የሥራ ቅደም ተከተል ራሱን መልሶ መጥራት ይችላልና። ቋንቋው ሲያግዝ ሐሳብ በጥቂት መስመር ይወጣል። የዕድሜ ልክ ሥራቸው የሆነው የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ጥናት እዚህ ላይ ሥር ሰደደ። በኤሊየት ለአልጎል ኮምፓይለር የሠራውን ቡድንም መሩ።

እስከዚህ ድረስ የስኬት ታሪክ ነው። እኔን የያዘኝ ቀጥሎ የመጣው ነው።

ከአልጎል በኋላ ኤሊየት 503 ለተባለው ኮምፒውተር ትልቅ የሶፍትዌር ሥርዓት እንዲሠራ ተወሰነ። ኃላፊው ሆር ነበሩ። ሥራው ተጓተተ፤ ደረሰ ሲባልም ለጥቅም የማይበቃ ዘገምተኛ ሆነ። በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ ተጣለ። አብሮት የተጣለው ድካም አንድ ሰው ለብቻው ቢሠራው ከ30 ዓመት በላይ የሚወስድበት ነበር። በ1980 በሙያው ትልቁ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበሉ፣ የዓለም ባለሙያ በተሰበሰበበት መድረክ፣ ይህን ውድቀት ዘርዝረው ተናገሩ። ያን ሁሉ ድካም ያባከንኩት እኔ ነኝ፤ ንድፉም አመራሩም የእኔ ነበር አሉ። ራሳቸው በቅጡ ያልገባቸውን ነገር ሠራተኞቻቸው እንዲሠሩ መፍቀዳቸውንም አልደበቁም። ሽልማት በሚቀበሉበት ቀን! እኔ ደግሞ 9 ስሞች ደብቄ የእሳቸውን ታሪክ ስላይድ ላይ እጽፋለሁ።

በ1968 ወደ ቤልፋስቱ ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰርነት ሄዱ። በዓመቱ፣ በ1969፣ ሮበርት ፍሎይድ ከሁለት ዓመት በፊት ባቀረበው ሐሳብ ላይ ተመሥርተው አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። ጥያቄያቸው ይህ ነበር፦ ፕሮግራም ልክ መሆኑን በምን እናውቃለን? ብዙዎቻችን "ሞከርኩት፣ ሠራ" እንላለን። ሆር ግን ይህ አይበቃም አሉ። ከእያንዳንዱ ፕሮግራም በፊት መሟላት ያለበትን ቅድመ ሁኔታ ጻፍ፤ ከፕሮግራሙ በኋላ እውነት መሆን ያለበትን ውጤት ጻፍ፤ ከዚያም ቅድመ ሁኔታው ተሟልቶ ፕሮግራሙ ሠርቶ ከጨረሰ ውጤቱ የግድ እውነት እንደሚሆን፣ እንደ ሒሳብ፣ ደረጃ በደረጃ አረጋግጥ። ለማሳያ የወሰዱት ማካፈልን ነው፦ መጨረሻ ላይ ድርሻው በአካፋዩ ተባዝቶ ቀሪው ሲደመርበት ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ቀሪውም ከአካፋዩ ማነስ አለበት። ምንም ሳይጠፋ፣ ምንም ሳይተርፍ።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ኮምፒውተር ላብ አይደለም፤ የመድረሳችን ምንጣፍ ነው። ሰፊናን የቀራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የሶላት ሸርጦች 8 ናቸው፤ ከዚያ ሩክኖቹ ለብቻ ይቆጠራሉ። ኡስታዛችን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይወዱ ነበር። "አንድ ሰው ውዱእ እንደሌለው ረስቶ ሰገደ። ሩኩዑን አሳመረ፣ ሱጁዱን አስረዘመ፣ ቂርኣቱም ልብ ይነካል። ሶላቱስ?" ይላሉ። እኛ በአንድ ድምፅ "አልተገኘችም!" እንላለን። "ለምን?" "ሸርጡ አልተሟላም!" ያኔ የልጅ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ለካ ኡስታዛችን የሚያስተምሩን ይህን ነበር፦ ሥራ ከላይ አምሮ መታየቱና ትክክል መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የሚለያያቸውም ከሥራው በፊት የነበረው ሁኔታ ነው።

ሶላትንና ኮድን አንድ አደረግከው እንዳትሉኝ። ሶላት ዒባዳ ነው፣ ሸርጡም ከአላህ ነው። እኔ የምለው የአስተሳሰቡን መንገድ ነው። ያ መንገድ ለእኔ እንግዳ አልነበረም፤ በ10 ዓመቴ ተምሬው ነበር። ፕሮግራሜ "እያንዳንዱ ተማሪ ስልክ አለው" የሚል ሸርጥ ነበረው። ያን ሸርጥ አልጻፍኩትም፣ አላጣራሁትም፤ ሲጎድል ደግሞ የጎደለባቸውን ሰዎች ጣልኩ።

አሁን ወደ ነል ልምጣ። ነልን የፈጠሩት እኚሁ ሰው ናቸው። በ1965 አልጎል ደብልዩ ለተባለ ቋንቋ ሲሠሩ፣ አንድ ነገር የት እንዳለ የሚያመለክተው ምልክት ወደ ምንም ሊያመለክት ይችላል የሚል ሐሳብ አስገቡ። ዓላማቸው ምልክቶቹ ሁሉ በኮምፓይለሩ ተፈትሸው አደጋ የሌለባቸው እንዲሆኑ ነበር፤ ነልን ግን ለመሥራት በጣም ቀላል ስለነበር ብቻ ጨመሩት። ከእሳቸው በኋላ ብዙ ቋንቋዎች ወረሱት፤ በየአገሩ ፕሮግራሞች ቆሙበት፣ ተበላሹበት። በ2009 ለንደን ውስጥ በተደረገ ጉባኤ ላይ ሆር ቆመው "የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ" አሉት። 44 ዓመት አልፎታል። ክብራቸው የተረጋገጠ፣ የ"ሰር" ማዕረግ የተሰጣቸው አዛውንት ነበሩ። ዝም ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። ዛሬ እንደ ኮትሊንና ረስት ያሉ ቋንቋዎች፣ አንድ ነገር ላይኖር የሚችል ከሆነ አስቀድመህ ተናገር፣ ሳይኖር ሲቀር ምን እንደምታደርግም ጻፍ ብለው ያስገድዳሉ።

ስላይዴን ሳዘጋጅ ጥፋቱን ወደ እሳቸው ለማዞር ትንሽ ተፈትኜ ነበር። "ይኸው ባለቤቱ ራሳቸው ስህተት ነው ብለዋል" ልል። ነገር ግን ነሉን የፈጠሩት እሳቸው ይሁኑ እንጂ "ዝለለው" ብሎ የጻፈው እኔ ነኝ። ደግሞ እሳቸው ከነል በፊትም ሌላ መንገድ አሳይተው ነበር። በኤሊየት የአልጎል ኮምፓይለር ውስጥ ፕሮግራሙ ከተፈቀደለት የማህደረ ትውስታ ክልል እንዳይወጣ በየጊዜው ይፈተሽ ነበር። ፍተሻው ፍጥነት ይቀንሳል። ከዓመታት በኋላ ደንበኞቹ "ለፍጥነት ሲባል ይጥፋላችሁ?" ተብለው ሲጠየቁ በአንድ ድምፅ "አይሆንም" አሉ፤ ምን ያህል ስህተት እንደሚያጋልጥላቸው አይተውት ነበር። ያን ሌሊት ፕሮግራሜ መሃል ላይ ሲቆም እየጎዳኝ መሰለኝ እንጂ 9 ሰዎች እንዳሉ እየነገረኝ ነበር። አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ሆር በ1977 ወደ ኦክስፎርድ ተመልሰው የፕሮግራሚንግ ምርምር ቡድኑን መሩ። በ1978 ብዙ ሥራዎች ጎን ለጎን እየሄዱ መልእክት በመለዋወጥ እንዴት እንደሚግባቡ የሚገልጽ ጽሑፍ አወጡ፤ ዛሬ ጎ በተባለው ቋንቋ የምትጽፉ ቻናል ስትጠቀሙ ከዚያ ሐሳብ እየቀዳችሁ ነው። በ1996 ደግሞ ሌላ ጽሑፍ ጻፉ። ጥያቄው ይህ ነው፦ ባለሙያዎች እኔ ያልኩትን የሒሳብ ማረጋገጫ ሳይጠቀሙ ሶፍትዌር እንዴት ይህን ያህል አስተማማኝ ሊሆን ቻለ? የራሳቸው ግምት እንዳሰቡት እንዳልሆነ ተቀብለው፣ በተግባር ያሉ ሰዎች ምን አድርገው እንደተሳካላቸው ለመማር ተቀመጡ። በ1999 ከኦክስፎርድ ጡረታ ወጥተው ማይክሮሶፍት የምርምር ማዕከል ሲገቡም ማጥናታቸውን አላቆሙም።

በእኛ ዘንድ ስለ ኮምፒውተር ሳይንስ ሲነሳ አል-ኸዋሪዝሚን ጠቅሰን፣ "አልጎሪዝም ከስሙ ነው የመጣው" ብለን ደስ ብሎን እንበተናለን። እውነት ነው፣ ያኮራልም። ግን ኩራቱ ብቻ ከሆነ ከዓሊሙ ምኑን ወረስን? እኔ ከአንድ እንግሊዛዊ ፕሮፌሰር ሕይወት ያየሁት፣ የራሳችን ዑለማዎች መንገድ ላይ ያለ ነገር ነው። ኢማሙ ሻፊዒ ዒራቅ ሳሉ የሰጧቸውን ብዙ ፍርዶች ግብፅ ሲገቡ ለውጠዋል፤ ደረሳ ሁሉ "ቀዲም" እና "ጀዲድ" እያለ ለይቶ ይማራቸዋል። መመለሳቸው አላሳነሳቸውም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ባለ አራት ረከዓ ሶላት ላይ በሁለት አሰላምተው፣ ዙል-የደይን የሚባል ሰሓባ ሲጠይቃቸው፣ ሰዎቹን አጣርተው፣ የጎደለውን ሞልተው ሱጁደ ሰህው አደረጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመርሳት መጠገኛ አለው። ስህተት የሚመጣበት ቦታ በዲናችን ውስጥ አስቀድሞ ታስቦበታል። ያልታሰበለት ነገር ቢኖር ስህተትን አውቆ እንደ ትክክል አሰላምቶ መውጣት ነው።

ከኢድ 4 ቀን በፊት አቀረብኩ። ጥሩ ነጥብ አገኘሁ። ከክፍል ወጥቼ ቀጥታ አሚራችን ዘንድ ሄድኩና ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ "ስማቸውን አምጣ" ብቻ አለኝ። ከቀረው ገንዘብ ለ5ቱ በቃ፤ ለ4ቱ እኔና ኮሚቴው ከየኪሳችን ሞላን። በአንድ ወንድምና በአንዲት እህት በኩል፣ ስም ሳይጠራ፣ ከኢድ በፊት ደረሳቸው።

ያን የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ለብቻው አግኝቼ ዐፍው ጠየቅሁት። ፈገግ ብሎ፣ "እኔ እኮ አላህ ያልጻፈልኝ መስሎኝ ነበር" አለ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ይከተለኛል። ሁሉም በቀደር ነው፤ እናምናለን። ግን እሱ በቀደር ተቀብሎ በሶብር የተሸከመው ነገር የእኔ ስንፍና ነበር። በኮዳችን፣ በዝርዝራችን፣ በፊርማችን ስንፍና ስንሠራ ሌላው ሰው የአላህ ውሳኔ አድርጎ ይቀበለዋል፤ እኛም በዚያ ተሸፍነን እንቀራለን።

የራስን ጥፋት አደባባይ ማውጣት በዲናችን እንደማይወደድ አውቃለሁ። ኡስታዞችን ጠይቄ ነው የጻፍኩት። ይህ በእኔና በአላህ መካከል ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ የሰው ሐቅ ነው፣ የጀመዓውም አማና ነው። ሌላ ዓመት ሌላ ተማሪ ይህን ፕሮግራም ሲረከብ የት ጋ እንደወደቅሁ ማወቅ አለበት።

ፕሮግራሙን እንደገና ጽፌዋለሁ። መጀመሪያው ላይ በአማርኛ ሁለት መስመር አለ። አንደኛው ሸርጡ ነው፦ ስምና መታወቂያ ቁጥር ይበቃል፣ ስልክ ግዴታ አይደለም። ሁለተኛው ውጤቱ ነው፦ ዝርዝሩ ውስጥ የገቡትና በታወቀ ምክንያት ያልገቡት ሲደመሩ ከተመዘገቡት ጋር እኩል መሆን አለባቸው። እኩል ካልሆኑ ፕሮግራሙ ይቆማል፤ የቀሩትንም በስም ያወጣል። አሁን መቆሙን አልፈራውም። ፕሮግራሚንግ የምትችሉ ወንድሞችና እህቶች ኮሚቴው ዘንድ መጥታችሁ ኮዱን እንድትመረምሩልኝ እጠይቃለሁ። ስህተት ካገኛችሁ ንገሩኝ፣ ጀዛኩሙላሁ ኸይረን።

አላህ ሥራችንን የተስተካከለ፣ ስንሳሳትም ወደ ትክክሉ የምንመለስ ያድርገን። አሚን።

ወንድማችሁ፣ የ4ኛ ዓመት የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና ተማሪ